ዛፉ ገና ወድቆ አልጨረሰም

ልጄ፣ ዳላስ አጠገብ ቤት መግዛትህን፣ ግቢህም ትልልቅ የኦክ ዛፎች እንዳሉበት እናትህ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። በጁላይ ፀሐይ ያ ጥላ ትልቅ ሀብት ነው። ብርዱ ሲገባ ግን ያው ጥላ ጣሪያህ ላይ ያንዣበበ ብዙ ኩንታል እንጨት ይሆናል። «ቴክሳስ ሙቀት እንጂ በረዶ የላትም» የሚሉህን አትስማ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ስቴቱ በሙሉ በብርድ ተይዞ ሚሊዮኖች መብራት አጥተው ሰነበቱ። በጃንዋሪ 2023 መጨረሻ ደግሞ ሲወርድ ዝናብ፣ ሲያርፍ በረዶ የሆነ ውርጅብኝ በተለይ ኦስቲን ውስጥ ዛፉን ሰባብሮ መንገዱን ሁሉ ዘጋው።

እኔ በዚህ አገር እንጀራዬን የበላሁት ዛፍ ከሚቆርጡ ሰዎች ጋር ነው፤ ከቨርጂኒያ እስከ ጆርጂያ በረዶ የሰበረውን ስናነሳ ፀጉሬ ሸበተ። ሥራ እንደማትፈራ አውቃለሁ። የምፈራልህ ችኮላህን ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤ እኔ ግን አንተን ለመከራ አሳልፌ መስጠት አልፈልግም። የምነግርህም በመሠረቱ አንድ ነገር ነው። በረዶ የጣለው ዛፍ ወድቆ አልጨረሰም። የቀረው መውደቅ በጎበጠው ቅርንጫፍ፣ በተነቀለው ሥር፣ ከላይ በተሰቀለው ስብርባሪ ውስጥ ታምቆ ሰው ይጠብቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. በረዶው ሳይቀልጥ ከዛፍ ሥር አትግባ። ሲያርፍ በረዶ የሚሆነው ዝናብ የሚሠራውን ስታውቅ ትታገሣለህ። ከላይ ሞቅ ያለ አየር አለ፤ ከሥሩ፣ ምድርን ተጠግቶ፣ ከ32 ፋራናይት በታች የወረደ ስስ የአየር ንጣፍ ተኝቷል። ጠብታው ውኃ ሆኖ ይመጣና የነካው ነገር ላይ ወዲያው ይጋገራል። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው በረዶ በሁለት ምሰሶ መካከል ባለ ሽቦ ላይ እስከ 500 ፓውንድ ሊጨምር ይችላል፤ ቅርንጫፍንም ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ያሸክመዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላም መሰበሩ ይቀጥላል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በረዶው ከአንዱ ወገን ቀድሞ ይረግፍና ሸክሙ ሲቀልለት ቅርንጫፉ ሽቅብ ይዘላል፤ ያን ጊዜ ተሰንጥቆ የቆየው ይወርዳል። ስለዚህ የቀለጠ ዕለት ሻይህን ጠጣ፤ ሥራውን በማግሥቱ ጀምር። በዱላ ወይም በመጥረጊያ በረዶውን ላራግፍ አትበል፤ የቀዘቀዘ እንጨት ተሰባሪ ነው። ሙቅ ውኃም አታፍስበት። እስከ መሬት የጎበጠ ቀጭን ዛፍ ብዙ ጊዜ በረዶው ሲለቀው ራሱ ቀና ይላል፤ እንዳለ ተወው።

2. ከሁሉ በፊት ሽቦውን ፈልግ። መሬት ላይ የተኛን ሽቦ፣ መንደሩ በሙሉ ጨለማ ቢሆንም፣ ሕይወት እንዳለው ቁጠረው። ምክንያቱን ልንገርህ። አንደኛ፣ መስመሩ ላይ ያለው ማብሪያ በራሱ ጊዜ እየሞከረ ኃይሉን መልሶ ይለቃል። ሁለተኛ፣ አንድ ጎረቤትህ ጄነሬተሩን ያለ አግባብ ከቤቱ ሶኬት ጋር ካገናኘው፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ይሄድና መንገድ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ ሞተ ያልከው ሽቦ በአንድ ሰው ጓሮ ምክንያት ይነሳል። ሽቦው አይጮህም፣ ብልጭም ላይል ይችላል። «የቴሌቪዥን ኬብል ነው» ብለህም አትናቀው፤ ራቅ ብሎ ከመብራቱ መስመር ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ቢያንስ 35 ጫማ ራቅ፣ ልጆቹን ወደ ቤት አስገባ፣ 911 ደውል፣ ከዚያ ለመብራት ኩባንያው ንገር። ሽቦ የነካውን ዛፍ፣ የብረት አጥር፣ የረጠበ መሬትም እንደ ሽቦው ፍራው። መኪናህ ላይ ከወደቀ ከውስጥ አትውጣ። እሳት ተነስቶ ካስገደደህ ብቻ፣ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳትነካ ሁለት እግርህን ገጥመህ ዝለል፤ ከዚያም እግርህን ከመሬት ሳታነሳ እየጎተትክ ሽሽ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ባለቤት የሚያውቀው ገንዘብ ሲጠየቅ ነው። ሽቦው ወደ ቤትህ የሚገባበት፣ ጣሪያው ጎን የቆመው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የአንተ ንብረት ነው። ቅርንጫፍ ካጎበጠው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠግኖት ካልሆነ ኩባንያው መብራቱን መልሶ አይቀጥልልህም።

3. ከመሬቱ በፊት ሰማዩን እይ። የወደቀው ዓይንህን ይይዘዋል፤ የሚገድለው ግን ተሰብሮ ሹካ ላይ የቀረው፣ በቅርፊት ብቻ የተንጠለጠለው ነው። ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። የመጋዝህ ንዝረት በግንዱ በኩል ሄዶም ያወርደዋል። ዛፉን ዙረው፤ ከአንድ በኩል ያልታየህ ከሌላው ይታይሃል። የተንጠለጠለ ነገር ካየህ ከሥሩ ያለውን እንጨት እርሳው፤ ቦታውን በገመድ ከልለህ መውጣት የሚችል ባለሙያ ጥራ። በገመድ ልጎትተው የሚለው ሐሳብ ሲመጣብህ፣ የምትጎትተው ወደ ራስህ መሆኑን አስታውስ።

4. አንድ ቅርንጫፍ ሳታነሳ ፎቶ አንሳ። ከሩቅም ከቅርብም፣ ጣሪያውን፣ አጥሩን፣ መኪናውን። ኢንሹራንስ በተለምዶ የሚከፍለው ዛፉ ቤት ወይም አጥር ላይ ሲወድቅ ነው፤ ሣር ላይ ብቻ ለተኛ ዛፍ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። የጎረቤት ዛፍ ቤትህን ከመታው በአብዛኛው የምትጠይቀው የራስህን ኢንሹራንስ ነው፤ ስለዚህ በአጥር ላይ አትጨቃጨቁ። ጣሪያው ከተበሳ ሸራ አልብሰው፤ የሸራውንም ደረሰኝ አትጣል።

5. አብዛኛው ሥራ በእጅ መጋዝ ያልቃል። ይህን ስልህ ፊትህ እንደሚኮሳተር ይታየኛል፤ ወንድ ልጅና ሞተር! ግን የክንድ ውፍረት የሌለውን ቅርንጫፍ ጥሩ የእጅ መጋዝና መቁረጫ መቀስ ጸጥ ብለው ይጨርሱታል፤ ስታስብም ራስህን ትሰማለህ። ቼይንሶ የሚሉትን የሞተር መጋዝ ከሱቅ ያመጣህ ዕለት፣ ያውም ከበረዶ ማግሥት፣ መማሪያ ቀን አይደለም። መማር ከፈለግህ በደህናው ጊዜ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ የተጋደመ ቀጥ ያለ ግንድ ይዘህ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማር።

6. ቼይንሶ ከያዝክ ልብሱን ልበስ፣ አፍንጫውንም ፍራ። ሄልሜት፣ የፊት መከላከያ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ ጣት ላይ ብረት ያለው ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቻፕስ የሚሉት የጭን መከላከያ ያስፈልግሃል። የዚህ ልብስ ጥበብ ውፍረቱ አይምሰልህ። ሰንሰለቱ ሲነካው ከውስጡ ረጃጅም ክር ይመዘዝና ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ያንቀዋል። ዋጋው ሆስፒታል ከሚጠይቅህ አንጻር ምንም ነው።

ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ጫፍ (አፍንጫው) ላይ፣ በላይኛው በኩል ያለው ሩብ ክብ አደገኛ ቦታ ነው። ያ ቦታ እንጨት ከነካ መጋዙ ከመቁረጥ ይልቅ ወደ ላይና ወደ ፊትህ ይወረወራል፤ ዓይንህን ሳትጨፍን ይደርሳል። በረዶ የሰበረው እንጨት ደግሞ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ስለሆነ፣ የምትቆርጠውን እያየህ ጫፉ ሌላ የማታየውን ቅርንጫፍ ይነካል። ስለዚህ በሁለት እጅ ያዝ፤ የግራ አውራ ጣትህ እጀታውን ከሥር ይጠምጥመው። ራስህን ከመጋዙ መስመር ወደ ግራ አውጣ። ከትከሻህ በላይ አትቁረጥ። ስታስነሳው መሬት ላይ አስቀምጠህ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ይዘህ፣ የኋላ እጀታውን በጫማህ ረግጠህ ይሁን፤ በአንድ እጅ እያንጠለጠሉ የሚያስነሱትን አትምሰል። ከአንድ ግንድ ወደ ሌላው ስትራመድ ፍሬኑን ያዝ። ቤንዚን የምትሞላው ሞተሩ ሲበርድ ነው፤ ከሞላህበት ቦታም 10 ጫማ ያህል ራቅ ብለህ አስነሳ። ጭቃው ላይ በረዶ ካለ መጋዙን አታንሳው፤ እግርህ ካንሸራተተ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

7. እንጨቱ የት እንደተወጠረ ሳታውቅ አትቁረጥ። እዚህ ላይ ቆም በል፤ የሥራው ልብ ይህ ነው። የጎበጠ እንጨት አንድ ጎኑ ይለጠጣል፣ ሌላው ጎኑ ይጨመቃል። መጋዝህን በተጨመቀው በኩል አጥልቀህ ካስገባህ እንጨቱ ይዘጋና ይይዘዋል። በተለጠጠው በኩል መጀመሪያ ከቆረጥክ ደግሞ ተሰንጥቆ ይፈነዳል፤ ፊትህን ወይም ጭንህን ይመታል።

ሁለቱን ጫፍ ነገር የደገፈውና መሐሉ አየር ላይ ያለ ግንድ ከላይ የተጨመቀ፣ ከታች የተለጠጠ ነው። ከላይ ሲሶውን ያህል ቁረጥና ቀሪውን ከታች ጨርስ። አንዱ ጫፉ ብቻ ተይዞ ሌላው የተንጠለጠለ ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከታች ሲሶውን ቀድመህ ከላይ ታወርደዋለህ። መጋዙ ከተያዘ አትታገለው፤ ሞተሩን አጥፋና የፕላስቲክ ሽብልቅ በተከፈተው መስመር አስገብተህ በመዶሻ ምታ። የብረት ሽብልቅ አይሁን፤ ሰንሰለቱ ከነካው ጥርሱ ይረግፋል።

ከሁሉ የምፈራልህ አንድ አለ። ትልቁ ግንድ ወድቆበት እንደ ደጋን የጎበጠ ቀጭን ዛፍ። ቀጭን ስለሆነ ትንቀዋለህ፤ ጸጥ ብሎ ስለቆመም የሞተ ይመስልሃል። ስትነካው ወይም የጫነውን ግንድ ስታነሳለት መንጋጋ በሚሰብር ኃይል ይቃናል። አዋቂዎቹ ከጎባጣው የውስጥ ጎን እየላጡ ቀስ በቀስ ያደክሙታል። አንተ ግን ከሚወነጨፍበት መንገድ ውጣና ለእነሱ ተወው። በተዳፋት ላይ ከሆንክ ደግሞ ሁልጊዜ ከግንዱ በላይ ቁም፤ የተቆረጠ ግንድ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይንከባለልም።

8. ከነሥሩ የተነቀለን ዛፍ ግንድ ባለሙያ ይቁረጠው። አፈር ይዞ እንደ ግድግዳ የቆመውን ሥር ያቆመው የግንዱ ክብደት ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ በድንገት። ልጆች ደግሞ ያንን ጉድጓድ ይወዱታል፤ ገብተው ይደበቁበታል። ሥራው እስኪያልቅ ማንም እንዳይጠጋው አጥርለት።

9. መሰላልና መጋዝ አብረው አይሄዱም። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሲወርድ የመሰላሉን እግር ይመታል፤ ወይም ሸክሙ የቀለለለት ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይነሳና የተደገፈው መሰላል ባዶ ይቀራል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

10. ደቦ ከጠራህ አለቃ ሹም። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞችህ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ ይህ በስደት ያልጠፋ ወግ ደስ ያሰኘኛል። ግን አገር ቤት ደቦ ማጭድና ዶማ ነበር፤ ይህ ሞተር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ መጋዝ ብቻ ይሥራ። ሌላው ቢያንስ 30 ጫማ ርቆ የተቆረጠውን ይጎትት፣ ይደርድር። የሚቆርጠው ሰው ጆሮው የተሸፈነ ነውና ከኋላው መጥተህ ትከሻውን አትንካ፤ ከፊቱ ቁምና እስኪያይህ ጠብቅ። ቆሞ የተሰነጠቀን ዛፍ ግን በደቦ አትጣሉ፤ የት እንደሚወድቅ እሱም አያውቅም። ምሳው ለሁሉ፣ ቢራው መጋዙ ጋራዥ ከገባ በኋላ። ድካምንም እንደ ስካር ቁጠረው፤ ብዙ ሰው ሲጎዳ ያየሁት «ይቺን አንዷን ጨርሰን» ሲባል ነው። እንጨት ነገም እንጨት ነው።

11. መብራት ሲጠፋ ከሰሉም ጄነሬተሩም ከቤት ውጭ። ከዛፉ ወጥቼ ይህን የምለው፣ ከበረዶው በኋላ ባሉት ቀናት በመጋዝ ከሚጎዳው ሌላ በቤቱ ውስጥ ተኝቶ የሚያልፍም ስላለ ነው። አገር ቤት ጎጆው በሣሩ በግድግዳው ይተነፍሳል፤ የአሜሪካ ቤት ሙቀት እንዳይወጣ የታሸገ ነው። ባለቤትህ ቡና ላፍላ ብላ ከሰል ብታቀጣጥል፣ ወይም አንተ ልትሞቅ መኪናህን ጋራዥ ውስጥ ብታስነሳ፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በፌብሩዋሪ 2021 ሂውስተን ውስጥ ይህ ሐዘን የእኛንም ማኅበረሰብ ቤት አንኳኩቷል። ጄነሬተሩ ከቤቱ 20 ጫማ ይራቅ፤ ጭሱ የሚወጣበትም ወደ መስኮት አይዙር። ጋዙን የሚለየው አላርም በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ከያዛችሁ ጉንፋን አትበሉት፤ ወደ ውጭ ውጡና 911 ደውሉ።

12. በር አንኳኩቶ «በግማሽ ዋጋ» ያለህን አታስገባ። ከማዕበል በኋላ ፒክአፕ ላይ መጋዝ ጭኖ መንደር ለመንደር የሚዞር አይጠፋም። ቴክሳስ ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው የስቴት ፈቃድ አትጠይቅም፤ ስለዚህ መጠየቁ የአንተ ሥራ ነው። ለንብረትም ለሠራተኛም የሚከፍል ኢንሹራንስ እንዳለው ወረቀቱን አሳየኝ በለው፤ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ድርጅት ራስህ ደውለህ አረጋግጥ። ሠራተኛው ግቢህ ውስጥ ቢወድቅና ኢንሹራንስ ባይኖረው፣ ክሱ ወደ አንተ ሊመጣ ይችላል። ሰርቲፋይድ አርቦሪስት፣ ማለትም የምስክር ወረቀት ያለው የዛፍ ባለሙያ፣ ካገኘህ የተሻለ ነው። ዋጋው በጽሑፍ ይሁን፤ የቆረጠውን እንጨት ማንሳትና የጉቶው ነገርም ይጻፍበት። ሙሉ ክፍያ ቀድመህ አትስጥ። «ዛሬ ካልፈረምክ» የሚልህን በሰላም ሸኘው።

13. የተረፈውን ዛፍ በወጉ ቁረጠው፤ ኦክ ከሆነም ቁስሉን ወዲያው ቀባው። የተሰበረ ቅርንጫፍ ጉቶ ሆኖ አይቅር፣ ከግንዱ ጋር ተላጭቶም አይቆረጥ። ከመጋጠሚያው ትንሽ ራቅ ብለህ መጀመሪያ ከታች ቁረጥ፤ ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብለህ ከላይ ቆርጠህ ክብደቱን አውርድ፤ መጨረሻ ላይ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ያበጠውን አንገት ሳትነካ ከውጩ ጨርስ። እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ይገፍፈዋል።

ቀለም መቀባትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ዛፎችን እየሰነጠቀ ውስጣቸውን በማጥናት፣ ዛፍ ቁስሉን በራሱ ግንብ እንደሚያጥር አሳይቷል። እኛም ከዚያ ወዲህ ቀለም መቀባት ትተናል። ያንተ ኦክ ግን የተለየ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኦክ ዊልት የሚባል በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ፤ ትንንሽ ጥንዚዛዎች የአዲስ ቁስል ሽታ ስቧቸው ይመጡና ያስገቡታል። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ኦክ አትቁረጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። የበረዶው ወራት ደግሞ በከፊል እዚያ ላይ ይወድቃል። የሰበረውን መቁረጥህ ግድ ነውና ቀለሙን አጠገብህ አስቀምጥ፣ ቆርጠህ ሳትውል ሳታድር ቀባ። ከታመመ ቀይ ኦክ የመጣ እንጨትም ለማገዶ ብለህ ከመንደር መንደር አታጓጉዝ።

14. የወደቀውን መልሰህ ለመትከል አትቸኩል። በግቢህ ፊት ለፊት በጸደይ ነጭ አበባ የሚያወጣ ብራድፎርድ ፒር ካለ፣ በረዶ ባይሰብረው እንኳ አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ ጠባብ ሆነው ስለሚወጡ መጋጠሚያው አቅም የለውም። ኦሃዮ፣ ፔንስልቬኒያና ሳውዝ ካሮላይና ሽያጩን ከልክለዋል፤ የእነሱ ምክንያት በየሜዳው መራባቱ ቢሆንም፣ እኔን ያስጠላኝ ስንት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወድቆ ስላገኘሁት ነው። እሱ ከወደቀ መልሰህ አትትከለው። ጉቶውን በማሽን የሚፈጭ ሰው ከመምጣቱ፣ ወይም አንተ ለአዲሱ ችግኝ ዶማ ከማንሳትህ ጥቂት ቀን ቀድመህ 811 ደውል። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ ሰው መጥቶ የጋዙና የመብራቱ መስመር ከመሬት በታች የሚያልፍበትን በቀለም ያሰምርልሃል።